የአንድ ጥይት ልዩነት

በዩናይትድ ስቴትስ ዳክዬ ወይም ዝይ ለማደን የሚወጣ ሰው ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ የያዘ እንደሆነ፣ በጠመንጃው የጥይት ቱቦ ውስጥ አንዲት ዘንግ ልትኖር ግድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የምትሠራው ይህች ዘንግ ቱቦው ከሁለት ጥይት በላይ እንዳይቀበል ታግዳለች። አንድ ጥይት አስቀድሞ ከአፈሙዙ ሥር ይጎርሳል፤ ድምሩ ሦስት ይሆናል። ዘንጓ አንድ ወጥ እንድትሆን፣ መሣሪያው ሳይፈታም እንዳትወጣ ሕግ ደንግጓል። የዱር አራዊት ተቆጣጣሪው አዳኙን በረግረጉ ዳር ሲያገኘው ቱቦውን በጥይት እየሞላ ይፈትሻል፤ ሦስተኛ ጥይት ወደ ቱቦው ከገባ ቅጣት አለ። ደንቡ የወጣው በ1935 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህች ቁራጭ እንጨት መነሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አዳኞች ከመቶ ዓመት በላይ ሳይሰለቹ የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ለወፍ አደን ራሱን የሚያጎርሰው ጠመንጃ ይሻላል ወይስ ከወገቡ የሚከፈተው ባለ ሁለት አፈሙዝ የሚለው ነው። ጥያቄው የመሣሪያ ሱቅ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን የለንደን፣ የብራስልስ፣ የካንቤራና የዌሊንግተን ሕግ አውጪዎች ሁሉ በየተራ የተጋፈጡት፣ ተከፋዩንም ያልተከፋዩንም መራጭ ያጣላ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። በሚኒሶታ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሜልበርን የሚኖረው የዚህ ገጽ አንባቢም የምርጫ ወቅት በመጣ ቁጥር ስለ ጠመንጃ ሕግ ድምፁን ይጠየቃል። ድምፅ የሚሰጥበትን ነገር ምንነት ማወቁ ደግ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላት ልናገር። ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን የብረት ወይም የእርሳስ ፍሬዎችን የሚረጭ፣ በቅርብ ርቀት የሚበር ወፍንና የሚሮጥ ጥንቸልን ለመምታት የተሠራ መሣሪያ ነው። አንደኛው ዓይነት እንደ መጽሐፍ ከመካከሉ የሚከፈት፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ወይም አንዱ ባንዱ ላይ የተሸከመ፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። «ታጣፊ» ብዬ እንዳልጠራው አገራችን ታጣፊ የምትለው ሰደፉ የሚታጠፈውን ክላሽንኮቭ ነውና አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። ስለዚህ «ተከፋች» እለዋለሁ። ሁለተኛው ዓይነት ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ፣ በተኩሱ ጋዝ ወይም በርግጫው ኃይል ቀለሃውን ወደ ውጭ ወርውሮ፣ ቀጣዩን ጥይት ከቱቦው ስቦ የሚያጎርሰው ነው። ይህ ከፊል አውቶማቲክ ነው። የአማርኛ ጋዜጦችና ራዲዮኖች ዜናውን ሲተረጉሙ «ከፊል» የምትለዋን ቃል እየዋጡ «አውቶማቲክ» ይሉታል፤ አድማጩም ምላጭ ተይዞ ጥይት የሚያዘንብ መትረየስ ይታየዋል። ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የተሳካለት የዚህ ዓይነት ሾትገን ራሱ ለገበያ የቀረበው «አውቶማቲክ» ተብሎ ነበር።

የዚያ መሣሪያ ታሪክ ለክርክራችን ከምንም በላይ ይጠቅማል። ፈልሳፊው የዩታ ግዛቷ የኦግደን ከተማ ተወላጅ ጆን ብራውኒንግ ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1900 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራዎቹን ይገዛው ከነበረው ከዊንቸስተር ኩባንያ ጋር በክፍያ ምክንያት ተጣላ። ብራውኒንግ እንደ ቀድሞው በአንድ ጊዜ ዋጋ መሸጡን ትቶ ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ሽያጭ ድርሻ ጠየቀ፤ ዊንቸስተር እምቢ አለ። ወደ ሬሚንግተን ሄደ። በጥር ወር 1902 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ማርሴለስ ሃርትሊ በልብ ድካም ሞተ፤ ድርድሩም አብሮት ሞተ። ብራውኒንግ ሞዴሉን ይዞ ውቅያኖስ ተሻገረና ቤልጅየም ሊዬዥ አጠገብ ከሚገኘው ከፋብሪክ ናሲዮናል ጋር ተዋዋለ። ኋላ «አውቶ 5» የተባለው ጠመንጃ ከዚያ ወጥቶ እስከ 1998 ድረስ ሲመረት ኖረ። ስሙ እንደሚያመለክተው አምስት ጥይት ይይዛል።

ቤልጅየም ለእኛ የማታውቀን አገር አይደለችም። አባቶቻችን በፉከራቸው የሚያነሡት «በልጅግ» የዚያችው አገር ስም ነው፤ «አልቢን»ም ከዚያው ሠፈር የመጣ ነው። ነገሩን በዚሁ ልለፈው።

ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ የማይነገረው ቀሪው ክፍል ነው። ብራውኒንግ በኅዳር ወር 1926 በዚያው በሊዬዥ ፋብሪካ በሥራ ላይ ሳለ ሲሞት እጁ ላይ የነበረው ፈጠራ ሌላ ፈጣን ጠመንጃ አልነበረም። አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ሁለት አፈሙዝ ያለው ተከፋች የአደን ጠመንጃ ነበር። ልጁ ቫል ብራውኒንግ ሥራውን ፈጸመው፤ በ1931 ለገበያ ቀረበ። ራሱን የሚያጎርስ ሾትገን ለዓለም የሰጠው ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን የሰጠው ለባለ ሁለት ጥይቱ ነው። ከዚህ የሰውየውን ልብ አነባለሁ አልልም፤ ነጋዴም ነበርና ገበያ አይቶ ይሆናል። ሆኖም የተከፋቹን ጠመንጃ ያለፈበት የመኳንንት ጌጥ አድርገው ለሚያቀርቡት ሰዎች ልብ የሚባል ነገር ነው።

የፈጣኑን ጠመንጃ ተቃዋሚዎች ወዲያው ተነሡ። የፔንሲልቬኒያ ግዛት በ1907 ለአደን እንዳይውል ከለከለው። የኒው ዮርክ የእንስሳት ማቆያ ዳይሬክተር የነበረው ዊልያም ሆርናዴይ ወፎችን እየጨረሰ ያለው መሣሪያው ነው እያለ በጽሑፍና በንግግር ዘመተበት። እኔ የተከፋቹ ወገን ብሆንም ይህ የሆርናዴይ ክስ በግማሹ እንኳ እውነት አይመስለኝም። በሰሜን አሜሪካ በቢሊዮን ይቆጠሩ የነበሩት ተጓዥ እርግቦች ካለቁ በኋላ ነው አውቶ 5 ወደ ገበያ የመጣው። የመጨረሻዋ እርግብ፣ ማርታ የተባለችው፣ በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ መስከረም 1 ቀን 1914 ሞተች፤ በዱር ያሉት ግን ቀድሞ ጠፍተዋል። እነዚያን ያጠፋቸው መረብ፣ አንድና ሁለት አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ፣ የመንጋውን መድረሻ የሚያስታውቅ ቴሌግራፍና ሥጋውን ወደ ከተማ የሚያደርስ ባቡር ነው። ከሁሉም በላይ ገበያ ነው። ወፍ እየገደለ በበርሜል የሚሸጥን ሰው ባለ ሁለት ጥይት ጠመንጃ አላቆመውም። ያቆመው በ1900 የላሲ ሕግ፣ በ1918 ደግሞ የተሰዳጅ ወፎች ሕግ ሲወጣ የንግዱ መዘጋት ነው።

ታዲያ የ1935ቱ ዘንግ ለምን መጣች? በ1930ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ የመካከለኛውን ምዕራብ ረግረጎች አደረቀ፤ ዳክዬዎች መፈልፈያ አጡ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1934 የዱር ሀብቱን መሥሪያ ቤት እንዲመራ የሾመው ሰው ጄይ ኖርዉድ ዳርሊንግ ይባላል። ዳርሊንግ ባዮሎጂስት አልነበረም፤ የአዮዋ ጋዜጣ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ፣ በዚያ ላይ የሩዝቬልት ተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ነበር። አንድ መሪ በየዕለቱ በሥዕል የሚወጋውን ሰው ጠርቶ «እንግዲያውስ አንተ ሥራው» ሲለው ማየት ለኛ ፖለቲካ እንግዳ ነገር ነው። ዳርሊንግም ሹመቱን ተቀብሎ አዳኞች የሚገዙትን የመጀመሪያውን የዳክዬ ቴምብር በእጁ ሣለ፤ በእርሱ ዘመንም ማጥመጃ እህል መበተንና በሕይወት ያለ ዳክዬን ማማለያ አድርጎ ማሰር ተከለከለ፤ ጥይቱም ሦስት ላይ ተወሰነ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1979 ያወጣው የአእዋፍ መመሪያ ከሁለት ጥይት በላይ በሚይዝ ካዝና የሚሠራ ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያን ለወፍ አደን ከለከለ፤ አንድ ከጎረሰው ጋር ሦስት ማለት ነው። ብሪታንያ በ1987 በሃንገርፎርድ ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ በ1988 ባወጣችው ሕግ በተራ የሾትገን ፈቃድ የሚያዝ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ካዝናው ከሁለት በላይ እንዳይይዝ ወሰነች። እዚህም ሦስት። ልብ በሉ፤ የሃንገርፎርዱ ወንጀል የተፈጸመው በሾትገን አልነበረም። ሦስቱ ሕጎች በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ምክንያት ወጥተው እዚያው ቁጥር ላይ ተገናኙ።

ስለዚህ የዳክዬ አዳኙ ምርጫ እውነተኛ መልኩ ይህ ነው፤ ተከፋቹ ሁለት ይተኩሳል፣ ራሱን የሚያጎርሰው ሦስት። ሻጩ የሚያስተዋውቀው ፍጥነትና ብዛት ሁሉ በሕግ ተቀንሶ ተቀንሶ አንዲት ጥይት ቀርታለች። ያቺን ሦስተኛ ጥይት ደግሞ ወፍ አዳኝ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። የመጀመሪያው ተኩስ ወፏ በቅርብ ሳለች ነው፤ ሁለተኛው እየሸሸች፤ ሦስተኛው ሲተኮስ ወፏ አብዛኛውን ጊዜ ከርቀቱ ወጥታለች። በዚያ ርቀት የሚደርሱት ጥቂት ፍሬዎች አይገድሉም፤ ያቆስላሉ። የቆሰለ ዳክዬ በሸምበቆ ውስጥ ገብቶ ይሞታል፤ ማንም አይበላውም፣ በቀኑ ኮታም አይቆጠርም። በእርግጥ ሦስተኛዋ ጥይት ቆስላ የወደቀችን ወፍ ለመጨረስ የምትውልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ አዳኙ አንድ ጥይት ከኪሱ አውጥቶ ለማጉረስ የሚበቃ ፋታ አብዛኛውን ጊዜ አያጣም።

የተከፋቹ ትልቁ ብልጫ ግን ከወፏ ጋር አይገናኝም፤ ከጎረቤት አዳኝ ጋር ነው። ተከፍቶ በክንድ ላይ የተንጠለጠለ ጠመንጃ ሊተኩስ አይችልም፤ ይህንንም ሃምሳ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በዓይኑ ያረጋግጣል። አጥር ሲዘለል፣ ጀልባ ላይ ሲወጣ፣ ውሻ ሲጠራ፣ ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ጠመንጃው ይከፈታል፤ የመሣሪያው ቅርፅ ራሱ ቃል ነው። ራሱን የሚያጎርሰው ጠመንጃ ባዶም ይሁን የጎረሰ ከሩቅ አይለይም። ባለቤቱ «ባዶ ነው» ይላል፣ አንተ ታምናለህ። ማመን ለጓደኝነት መልካም ነው፤ ለአፈሙዝ ግን አይበቃም። ደግሞም ተከፋቹን ከፍቶ ወደ ብርሃን በማየት ብቻ ጭቃ ወይም በረዶ በአፈሙዙ ውስጥ መኖሩ ይታወቃል፤ የተደፈነ አፈሙዝ ሲተኮስ ይፈነዳል፣ የተኳሹን ግራ እጅም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሌላም አለ። ሁለቱ አፈሙዞች የተለያየ ጥበት ሊኖራቸው ይችላልና አዳኙ ለቅርቡ ሰፊውን፣ ለሩቁ ጠባቡን በቅጽበት ይመርጣል። ቀለሃው በእጁ ይቀራል፤ ከሸምበቆው ውስጥ ፕላስቲክ አይዘራም። በብርድ የሚረጋ ዘይት፣ የጋዝ ጥላሸት፣ ያልተስማማው ቀላል ጥይት አያስጨንቀውም። በሁለት ምላጭ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ የአንዱ ወገን ማሽን ቢሰበር ሁለተኛው ይተኩሳል። ጠመንጃውም የማጉረሻ ማሽን ስለሌለው የአፈሙዙ ርዝመት ሳይቀነስ ከሌላው ያጥራል፤ በጫካ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ሳልሰጥ ብሄድ ግን ፍትሐዊ አልሆንም። በጋዝ የሚሠራው ጠመንጃ ርግጫውን በጊዜ ውስጥ ስለሚዘረጋው ትከሻ ላይ ይለሰልሳል። ለቀጭን ሴት፣ ለታዳጊ፣ ትከሻው ለተጎዳ ሽማግሌ ይህ አደን በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ነው። «ወንድ ከሆንክ ቻለው» የሚለው መልስ መልስ አይደለም። ዋጋም አለ፤ ሁለት አፈሙዝ አስተካክሎ አንድ ነጥብ ላይ እንዲመቱ አድርጎ መገጣጠም የእጅ ሥራ ይጠይቃልና ጥሩ ተከፋች በተመሳሳይ ጥራት ካለው ራሱን ከሚያጎርስ ጠመንጃ ይወደዳል፤ ርካሹ ተከፋች ደግሞ ቶሎ ይላላል። ሦስተኛው ከእርሳስ ጋር የተያያዘ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ለውኃ ወፍ አደን እርሳስን ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ከለከለች፤ በአውሮፓ ኅብረት በረግረግ አካባቢ በእርሳስ ፍሬ መተኮስ ከየካቲት 2023 ጀምሮ ታግዷል። ዳክዬ ከጭቃው ጠጠር ሲለቅም እርሳሱን ይውጥና ይመረዛልና እገዳው ትክክል ነው። ምትኩ የሆነው ብረት ግን ጠንካራ ነው፤ ከአያት የተወረሰ፣ ግድግዳው ስስ፣ ጫፉ ጠባብ የሆነን አሮጌ ተከፋች ሊያበላሽ ይችላል። ስለ ተከፋቹ ውበት የሚጽፉ ሰዎች ይህን እያወቁ ያልፉታል። አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ለብረት ፍሬ መፈተኑን የሚያሳይ ምልክት መኖሩን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል።

ወደ ፖለቲካው ልመለስ። የጠመንጃ ቁጥጥር ደጋፊዎች በአሜሪካ የሚወዱት አንድ መፈክር አለ፤ «ለዳክዬ ሦስት ጥይት ወስነን ለሰው አልወሰንንም» የሚል። ጆሮ ይስባል። ነገር ግን የአደን ደንብን ከባለቤትነት ሕግ ጋር ያምታታል። የ1935ቱ ደንብ የሚያዘው ተሰዳጅ ወፍ በሚታደንበት ሰዓት ብቻ ነው፤ አዳኙ ቤቱ ገብቶ ዘንጓን ቢያወጣ የፌዴራሉ ደንብ አይነካውም። ቆቅ ወይም ጥንቸል ሲያድን እንኳ ነገሩ እንደየግዛቱ ነው። በሌላ ወገን ያሉት የመሣሪያ ተሟጋቾች ደግሞ ማናቸውም ገደብ አዳኙን ያጠፋዋል ይላሉ። የ1935ቱ ገደብ ግን ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው ሲባል ሞልቶት፣ አዳኙም በረግረጉ አለ። በ1937 በወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት ከረጃጅም ጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው አሥራ አንድ በመቶ ቀረጥ ዛሬም የዱር እንስሳት ጥበቃን ያስተዳድራል። ገደብና አደን አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

አውስትራሊያ ከዚህ ርቃ ሄደች። በሚያዝያ ወር 1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ሲገደሉ፣ ወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግዛቶቹን ሁሉ አስማማ። ስምምነቱ ተከፋቹን ሾትገን ቀላሉ ምድብ ውስጥ ተወው፤ ራሱን የሚያጎርሰውን ግን ገበሬና የተለየ ሥራ ያለው ሰው ብቻ በሚያገኘው ምድብ አስገባው። ኒውዚላንድ በመጋቢት 2019 የክራይስትቸርች ግድያ ማግስት አብዛኛውን ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ ስትከለክል ካዝናው የማይነቀልና ከአምስት ጥይት የማይበልጥ ሾትገንን ለይታ ተወች። ሁለቱም ጥይት ቆጥረዋል፤ የቆጠሩት ግን የተለያየ ነው። የአውስትራሊያው ክርክር በታኅሣሥ 2025 በሲድኒ የቦንዳይ ባሕር ዳርቻ ከደረሰው ጥቃት በኋላ እንደገና ተከፍቷል።

ከሁለቱ የኒውዚላንዱ አከፋፈል ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ተከፋቹን ብመርጥም ሌላውን በወንጀል ልከስስ አልወድም። ባለ ሁለት አፈሙዙ ንጹሕ ነው የሚሉ በሰኔ 2010 በእንግሊዝ ካምብሪያ የሆነውን ያስታውሱ፤ 12 ሰዎች የተገደሉት በባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገንና በእጅ በሚጎርስ አነስተኛ ጠመንጃ ነው፤ ሁለቱም በሕጋዊ ፈቃድ የተያዙ ነበሩ። እዚያ የጎደለው የጥይት ቆጠራ ሳይሆን ፈቃድ የተሰጠውን ሰው በየጊዜው ማየት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ፖሊስ ደመወዝ ይጠይቃል፤ እገዳ ማወጅ ግን ለመንግሥት በነጻ ይገኛል። ከሁለቱ የትኛው በፓርላማ ቶሎ እንደሚያልፍ አንባቢ ይገምታል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሕግ አውጪው የጥይቱን ቁጥርና የካዝናውን ዓይነት ይወስን፤ የሚነቀል ካዝና ከአደን ሾትገን ላይ ይወገድ፤ ሦስት የሚለው ቁጥር ለተሰዳጅ ወፍ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም የወፍ አደን ይዘርጋ፤ ከዚያ በኋላ በሁለትና በሦስት መካከል ያለውን ለአዳኙ ይተውለት። አዳኙ ምክሬን ከጠየቀ ለቆቅ፣ ለጥንቸልና ከሌሎች ጋር ለሚደረግ አደን ሁሉ ተከፋቹን ይግዛ እለዋለሁ፤ ትከሻው የማይፈቅድለት በጋዝ የሚሠራውን ይያዝ፣ በጓደኞቹ መካከል ሲቆም ግን ማሽኑን ወደ ኋላ ከፍቶ ያሳያቸው።

አንድ ቦታ ብቻ ምክሬ ይገለበጣል። ከሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ጀምሮ የሰሜኑን ምድር እየጋጡ ያራቆቱት ነጫጭ ዝይዎች ቁጥራቸው ከመጠን በማለፉ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1999 ለእነርሱ ሲባል የተለየ ወቅት ፈቅዷል። በዚያ ወቅት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዝይ ድምፅ ማሰማት ይቻላል፤ ዘንጓንም ከቱቦው ማውጣት ይፈቀዳል። እዚያ የሚሄድ ሰው የብራውኒንግን የመጀመሪያ ሐሳብ ይዞ ይሂድ።